የአዴሎ ድንጋይ

ድንጋይ የሚያጠና ሰው በሄደበት ሁሉ ድንጋይ ይመጣለታል። አዶላም ብሄድ፣ ጂንካም ብሄድ፣ አንዱ በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ፣ ሌላው በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣና «ወርቅ ነው አይደል?» ይለኛል። ወርቅ ሆኖ አያውቅም። በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስቆይ «ጥሩ ድንጋይ ነው፣ ያስቀምጡት» የምትል መልስ አበጅቻለሁ። ማንንም አታስቀይምም፣ ማንንም አታበለጽግም። ሰዎቹም አመስግነው ይሄዳሉ።

በ2009 ጥር ላይ ወደ ከፋ የወረድኩት ለካርቦን ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዛፍ የጠጣውን ጠጥቶ፣ ከቀረው የተወሰነው ከዝናብ ጋር ወደ አፈር ይሰርጋል። ከአፈሩ ሥር ያለውን ጥቁር ድንጋይ ሲያገኘው ደግሞ በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ነጭ ማዕድን ሆኖ ይረጋል። አንዴ ከረጋ ሺህ ዓመትም ቢሆን አይወጣም። እኔ ከማውቃቸው ጎተራዎች ሁሉ የታመነው ይሄ ነው። ሥራዬ ከከፋ ጫካ ሥር ምን ያህል እንደተከማቸ መለካት ነበር።

ቦንጋ ሆቴል ይዤ ተቀመጥኩ። ዞኑ ለወረዳው፣ ወረዳው ለቀበሌው ደብዳቤ እስኪጽፍ ሁለት ሳምንት ሄደ። ከዚያ የወረዳው ከተማ ቢታ ገነት ስደርስ ከግብርና ማዕረግ የሚባል ባለሙያ ተመደበልኝ። ማዕረግ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከገበሬው ጋር በካፊኖኖ፣ ከኃላፊው ጋር በሪፖርት ቋንቋ ያወራል። መጀመሪያ ቀን ጉድጓድ ስንቆፍር ለከበቡን ሰዎች «ዶክተር ጽጌ ትባላለች» ብሎ ሲያስተዋውቀኝ አንዲት አሮጊት ቀሚሳቸውን ሰብስበው ያበጠ ጉልበታቸውን አሳዩኝ። «እማማ፣ ይህቺ ዶክተር የምታክመው ድንጋይ ነው» አላቸው። አሮጊቷ ከልባቸው አዘኑልኝ።

ባፈና የመጣው እቃዬን ልሸክፍ በተቃረብኩበት ሳምንት ነው። ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ቀጭን፣ ንብ አናቢ። ጆንያ አውርዶ ከፈተው፤ ውስጡ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አለ።

«ወርቅ አይደለም» አለኝ፣ ገና ምንም ሳልለው።

ይሄኛው አዲስ ነበር። ቅጠሉን ገለጥኩት። የሕፃን ራስ የሚያህል፣ ጥቁርና ቡናማ የተቀላቀለበት ድንጋይ፣ አንዱ ጎኑ ላይ ነጭ ቅርፊት የያዘ። ሳነሳው እጄ ወደ ታች ወረደ፤ ለመጠኑ ከብዷል። ከኪሴ የማትለየኝን ማግኔት አስጠጋሁ። እጄን ለቃ ሄዳ ድንጋዩ ላይ ተለጠፈች። «ጥሩ ድንጋይ ነው፣ ያስቀምጡት» ማለቱን ረሳሁት።

«ከሰማይ የወረደ ነው» አለ ባፈና። «አባቴ አይቷል። ሰው አላመነም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረኝ አብዛኛውን ማዕረግ ነው። ባፈና አጠገባችን ቁጭ ብሎ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ነገሩ የ1965 ነው። በዚያ አገር ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ እንደ ቤት ነው፤ ባለቤት አለው፣ ለልጅ ይተላለፋል፣ የሰው ዛፍ የነካ ቤት እንደሰበረ ይቆጠራል። የባፈና አባት አዴሎ ጫካቸው ከጎረቤታቸው ከገብረ ሥላሴ ጫካ ጋር ይዋሰን ነበር። በገብረ ሥላሴ በኩል ዘጠኝ ቀፎ የተሸከመ፣ ቀረሮ የሚባል ግዙፍ ዛፍ አለ። አንድ የበጋ ቀን ቀረሮው ተቃጥሎ፣ ወድቆ፣ ንቡም አልቆ ተገኘ። አዴሎ በዚያው ሰሞን ማሳ መንጥረው ቁጥቋጦ ሲያቃጥሉ ነበርና የሰው ዓይን ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። እሳቸው ግን «በጠራራ ፀሐይ ከሰማይ እሳት ወረደና ዛፉን መታው» ብለው ማሉ። ማስረጃ ብለውም ይህን ድንጋይ አመጡ።

የአገሩ ሽማግሌዎች ድንጋዩን አገላብጠው አይተው ሳቁ። ሲስቁ ቆይተው ፈረዱ፦ ከአዴሎ ጋር ማንም እንዳይበላ፣ እንዳይጠጣ። ለዛፉ አልነበረም። ለዛፍ ካሳ አለው፤ «እሳት አመለጠኝ» ቢሉ በካሳና በእርቅ ባለቀ ነበር። የተፈረደባቸው በሐሰት ስለማሉ ነው።

አዴሎ አሥራ አንድ ዓመት ለብቻቸው በልተው በ1976 ሞቱ። «እኔና ሁለት አጎቶቼ ተሸከምነው» አለ ባፈና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ። «ሬሳ አራት ሰው ነው የሚሸከም። እኛ ሦስት ነበርን። መንገድ ላይ ሁለቴ አወረድነው።»

ፍርዱ ከፈራጆቹ ጋር ሞቷል። ዛሬ ከባፈና ጋር አልበላም የሚል ሰው የለም። ስሙ ነው የቀረው። በዚያ ቀበሌ አንድ ሰው ሲዋሽ «የአዴሎን ድንጋይ አመጣ» ይባላል። ማዕረግ ራሱ ልጅ ሆኖ ስንት ጊዜ እንዳለው፣ ነገሩ የእውነት ሰው ስም መሆኑን እንኳ ሳያውቅ፣ እያፈረ ነገረኝ። የባፈና ልጆችም ትምህርት ቤት «ድንጋይ አለኝ በሰማይ» እየተባሉ ነው ያደጉት።

«ጋሽ ባፈና፣ ከድንጋዩ ትንሽ ቆርጬ ልውሰድና ልመርምረው?» አልኩ።

«ይቁረጡ። ግን እውነቱን ሰው ፊት ቆመው ይናገሩልኛል።»

«ያገኘሁትን እናገራለሁ።»

በቀላሉ ነው ቃል የገባሁት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያገኘሁትን ስናገር አንድም ሰው ተጎድቶ አያውቅም።

በማግስቱ ሦስታችን በሚኒባስ ቦንጋ ገባን። የድንጋይ መቁረጫዬ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ባፈና ደግሞ ድንጋዩ ሙሉውን ከዓይኑ እንዲርቅ አልፈለገም። ስለዚህ መናኸሪያው ጀርባ በርና መስኮት የሚሠራ ሐዲስ የሚባል ብረት በያጅ ጋ ሄድን። ሐዲስ ድንጋዩን አየና እኔን አየኝ። «እትዬ፣ እዚህ እኮ በር ነው የምንሠራው» አለ። ለመንነው። ባፈና በጆግ ውሃ ሲያፈስ፣ ሐዲስ በግራይንደር ሲቆርጥ፣ ድንጋዩ ሁለት ዲስክ በላና አንድ ጥጉ ተገንጥሎ ወደቀ። የተቆረጠው ፊት ሲታጠብ ውስጡ ብልጭ ብልጭ የሚል የብረት ፍንጣቂ ሞልቶታል።

«ይሄ እኮ ብረት ነው!» አለ ሐዲስ መነጽሩን አውልቆ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ ማዕረግ። ባፈና አውራ ጣቱን በተቆረጠው ፊት ላይ ቀስ አድርጎ አሸ።

እኔ የማየው ሌላ ነበር። ከድንጋዩ ጠርዝ ተነስተው በስንጥቆቹ ወደ ውስጥ የሚገቡ፣ እንደ ክር የቀጠኑ ነጫጭ መስመሮች። ከቦንጋ እስከ ቢታ ጉድጓድ ስቆፍርለት የከረምኩት ነገር እዚያ ውስጥ ነበር፤ ካርቦን ማዕድን ሆኖ ረግቶ። እንዲህ ያለ መስመር በአርባ አራት ዓመት እንደማይበቅል የሁለተኛ ዓመት ተማሪም ያውቃል። እኔም አወቅሁ፣ ደስም አለኝ። አዴሎ ግን ትዝ አላሉኝም።

አዲስ አበባ ቁራጩን ሞርጄ፣ አሳስቼ በማይክሮስኮፕ አየሁት። እንደ ሰሊጥ የደቀቁ ድቡልቡል ቅንጣቶች ሞልተውበታል። እንዲህ ያለ ነገር ምድር ላይ አይሠራም፤ ፀሐይና ምድር ገና ሲሠሩ የተረፈ ነው። ዕድሜውን ደግሞ ውጭ አገር ልኬ አስለካሁ። የነጩን መስመር ዕድሜ መጀመሪያ አላመንኩትም፤ የምንጭ ውሃ አሮጌ ካርቦን ይዞ ስለሚመጣ መለኪያውን ያታልላል። ስለዚህ ድንጋዩን ራሱን አስለካሁ። የሰማይ ድንጋይ ጠፈር ላይ ሳለ ከጨረር የሚያገኘው ነገር አለ፤ ከወደቀበት ቀን ጀምሮ ያ ነገር እየጎደለ ይሄዳል። የቀረውን የለካ የወደቀበትን ዘመን ያውቃል። ሁለቱ ልኬቶች ተስማሙ። ድንጋዩ ከወደቀ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዓመት አካባቢ ሆኖታል።

የከፋ ዝናብ እስካሁን ለምን አልበላውም? ለዚህም መልስ አገኘሁ። ጎኑ ላይ ያለው ነጭ ቅርፊት በቀበሌው ከብት ከሚጠጣበት ጨዋማ ምንጭ፣ ከሆራው፣ ዳር ከለቀምኩት ቅርፊት ጋር አንድ ነው። ምንጩ ሸፍኖ አቆይቶታል። አዴሎ ከብት ሲያጠጡ አገኙት፣ ክብደቱ ገረማቸው፣ ቤት ወሰዱት። ቀረሮው ሲቃጠልባቸው ድንጋዩ ትዝ አላቸው። ይሄ የእኔ ግምት ነው። ከሰማይ መምጣቱን ሳያውቁ ከሰማይ መጣ አሉ፤ በዚህስ ልክ ነበሩ።

ለሙያዬ ሎተሪ ወጣልኝ ማለት ነው። ለሦስት ቀን የማወራው ስለዚሁ ብቻ ነበር። በአራተኛው ቀን፣ ነሐሴ 22፣ ባፈና ጋ ደወልኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቻለሁ።

«ሄሎ! ሄሎ! ዶክተር ኖት?»

«ጋሽ ባፈና፣ ድንጋዩ ከሰማይ ነው።»

ከዚያ እንደዚያ ቀጭን ከሆነ ሰው ይወጣል ያላልኩት ጩኸት ሰማሁ። ስልኩን ለሚስቱ ሰጣት፣ እልል አለች። የማላውቀው ሰው ተቀብሎ ደኅንነቴን ጠየቀኝ። አንድ ሌላ ሰው መረቀኝ። ከዚያ ኔትዎርኩ ጠፋ፣ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አፌ ውስጥ ቀረ።

መልሼ አልደወልኩም። ባፈናን ባጣው ማዕረግ ነበር፤ የማዕረግ ስልክ ሁልጊዜ ይሠራል። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፣ በአካል ነው የሚሻለው አልኩ። ሰበብ ነው። ያ ጩኸት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ላበላሸው አልፈለግኩም። ከዚያ በፊት የእኔን የምርምር ውጤት ሰምቶ የጮኸ ሰው የለም።

ከሳምንት በኋላ የደወለው ማዕረግ ነው። ወሬው በየትኛውም የአንድ ለአምስት ስብሰባ ባልታየ ፍጥነት ቀበሌውን አዳርሷል። «ገብረ ሥላሴ ዘመን ሳይለወጥ ይቅርታ ልጠይቅ ብለዋል» አለኝ። «ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ከዚህ በላይ አላቆይም አሉ። ጳጉሜን ሦስት ሽማግሌ ተጠርቷል። ዶክተርም ትምጣ ተብሏል።»

«ማዕረግ...» አልኩ።

«አቤት?»

«እመጣለሁ።»

እዚያች ላይ መናገር እችል ነበር። ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

መንገዱ ጭቃ ስለነበር ቢታ ገነት የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ከዚያ ደግሞ በእግር ሁለት ሰዓት። ባፈና ግቢው ውስጥ በሸራ ዳስ ጥሏል። ስድሳ ያህል ሰው ተቀምጧል፣ ዝናቡ ሸራው ላይ ይንጠባጠባል። ድንጋዩ መሐል ላይ በጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎለት ተቀምጧል። የተቆረጠውን ፊት ቅቤ ቀብተውታል። የላቦራቶሪ ሰው ስለሆንኩ ያ ቅቤ አንገበገበኝ። ለአክብሮት መሆኑ ገብቶኝ ዝም አልኩ።

ባፈና አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፊቱ አሥራ አንድ ቀን እንቅልፍ እንደጠገበ ሰው ፊት ዘና ብሎ ተቀበለኝ። በሁለት እጁ ነው የጨበጠኝ። «አባቴ ዛሬ ይቀበራል» አለኝ።

ገብረ ሥላሴ በሁለት ልጆቻቸው ተደግፈው ገቡ። በማጅራታቸው ድንጋይ ተሸክመዋል፤ ይቅርታ የሚለምን ሰው እንዲያ አድርጎ ነው የሚቀርበው፣ የተበደለው ሰው ይቅር ብሎ በገዛ እጁ እስኪያወርድለትም ራሱ አያወርደውም። ልማድ ሆኖብኝ ድንጋዩን አየሁት። ከመንገድ ዳር የተነሣ ተራ ጥቁር ድንጋይ፣ አራት ኪሎ ቢሆን ነው። ሰውዬው ራሳቸው ግን ከአርባ አምስት ኪሎ አያልፉም። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል።

በካፊኖኖ ተናገሩ፣ ማዕረግ በጆሮዬ ይነግረኛል። «አዴሎን ሐሰተኛ ብያለሁ። ሲሞት ቀብሩ ላይ አልቆምኩም። ቤቱ ከቤቴ ይታያል፤ ሬሳውን ሦስት ሆነው ሲያወጡት አይቻለሁ፣ ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ሰማይ መስክሮለት ሳለ እኔ አልመሰከርኩለትም።»

ባፈና ተነሣ። ዋናው ሽማግሌ ግን በእጃቸው አስቆሙት፤ ሥርዓቱ እንዳይጎድል አስቀድሞ ምስክሯ ትናገር አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ቆምኩ። «ከሰማይ ነው» ብዬ መቀመጥ እችል ነበር። ውሸት አይደለም። እዚያ ከተሰበሰበው ሰው ስለ ዕድሜው የሚጠይቀኝ የለም፣ ጥናቱ ሲታተም የሚያነበው የለም። ባፈና አባቱን ይቀብራል፣ ሁሉም በልቶ ጠጥቶ ይበተናል። ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ ግማሹን ብቻ ልናገርም አፌን ከፍቼ ነበር። ያስቆመኝ የገብረ ሥላሴ ጉልበት ነው። እኚህ ሰው ያልበደሉትን በደል በአንገታቸው ተሸክመው ይንቀጠቀጣሉ፣ እኔም ቆሜ አያለሁ።

«ድንጋዩ ከሰማይ ነው» አልኩ። «የወደቀው ግን በ1965 አይደለም። ከወደቀ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛፉን ያቃጠለው ይሄ ድንጋይ አይደለም።»

ማዕረግ አልተረጎመም። ከእኔ ጋር ሲሠራ እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው።

«ተርጉም» አልኩት።

«ዶክተር፣ እባክሽን።»

«ተርጉም፣ ማዕረግ።»

ተረጎመ። እኔ ካፊኖኖ አልሰማም። ነገሩ የደረሰበትን ግን ከሰዉ ፊት አየሁት። አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ባፈና ባለበት ቆሞ ቀረ።

«ማስረጃ አለ?» አለኝ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ።

ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አላየውም። «ሁለቴ አስለክቻለሁ» አልኩ።

«የደወሉልኝ ቀን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። ቢሰድበኝ በወደድኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ለአንድ ሰው አባቱን መልሼ ሰጥቼው፣ አሥራ አንድ ቀን አቆይቼ፣ ጎረቤቱን ሁሉ አስጠርቼ በአደባባይ ቀማሁት። በመጀመሪያው ስልክ ሁለቱንም ብናገር የሚያዝነው ቤቱ ውስጥ ብቻውን ነበር።

ገብረ ሥላሴ ድንጋዩን እንደተሸከሙ ናቸው። አውርዱ የሚላቸው የለም፣ እሳቸውም ማውረድ ይገባቸው እንደሆን የገባቸው አይመስሉም። ልጆቻቸው እርስ በርስ ተያዩ። ባፈና ወደ እሳቸው ሄደ። ትቷቸው ከግቢው የሚወጣ መስሎኝ ነበር፤ እኔ ብሆን እንዲያ ነበር የማደርገው።

ፊት ለፊታቸው ቆመና ድንጋዩን በሁለት እጁ ከማጅራታቸው አነሣ። ከኋላ አንዲት ሴት እልል ልትል ጀምራ አቆመች፤ ባፈና ድንጋዩን መሬት አላስቀመጠውምና። አንገቱን ደፋ፣ ድንጋዩን በራሱ ማጅራት ላይ አደረገ፣ በአዲሱ ሸሚዙ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። አጭር ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አልኩ።

ማዕረግ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «‹ያቃጠለው አባቴ ነው› አለ።»

ገብረ ሥላሴ ድንጋዩን ሊያነሡለት ጎንበስ አሉ። አቅም አነሳቸው። ልጆቻቸው ሊያግዟቸው ሲጠጉ በክርናቸው ገፏቸው። እንደገና ያዙት፣ ከእጃቸው አመለጠ፣ ባፈና ግን አንገቱን ቀና አላደረገም። በሦስተኛው ድንጋዩ ተነሣ።